እማዬ፣ አሌክሳንደር እና የፈረሰው ግድግዳ

«ለቤት የሚሆን መጽሐፍ ጠቁመኝ» የሚሉኝ ጓደኞች ሰሞኑን በዝተዋል። ዕድሜያችን ነው መሰለኝ። ሰው ሠላሳ ዓመት ሲጠጋው ስለ መጋረጃ፣ ስለ መደርደሪያ፣ በረንዳ ላይ ስለሚበቅል ጤና አዳም ማውራት ይጀምራል። አብዛኞቹ ያዩትን መጽሐፍ ይልኩልኛል፤ ሁልጊዜ የፎቶ መጽሐፍ ነው። ነጭ ግድግዳ፣ ነጭ ሶፋ፣ ጠረጴዛ ላይ አንድ ሳህን ሎሚ፣ ሰው የሚባል ነገር ግን የለም። አልጠላቸውም፤ እኔም ማታ ማታ አገላብጣቸዋለሁ። ችግራቸው የተሳካውን ብቻ ማሳየታቸው ነው። ያ ክፍል ለምን ደስ እንደሚል፣ የኔ ክፍል ደግሞ ለምን እንደሚያስጠላ አይነግሩኝም። ዘግቼያቸው ቀና ስል ያው የድሮው ክፍሌ ውስጥ ነኝ። ትንሽ ከፍቶኛል፣ ምንም አልተማርኩም።

ስለዚህ የምጠቁመው አንድ መጽሐፍ ነው፤ ሁለት ቀጫጭኖችን በጎን አስከትዬ። ስጠቁም ግን አንድ ታሪክ አብሬ መናገር አለብኝ፤ በዚህ መጽሐፍ ሰበብ የእናቴን የኩሽና ግድግዳ አስፈርሻለሁ።

መጽሐፉ «ኤ ፓተርን ላንጉጅ» ይባላል። በ1977 እ.ኤ.አ. በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት የወጣ ነው። ክሪስቶፈር አሌክሳንደር ከሳራ ኢሺካዋ፣ ከመሪ ሲልቨርስታይንና ከሌሎች ባልደረቦቹ ጋር በካሊፎርኒያዋ በርክሊ ተቀምጦ ለዓመታት የሠራው ሥራ ነው። ከ1,100 ገጽ በላይ አለው፤ ወረቀቱ እንደ መጽሐፍ ቅዱስ ስስ ነው። አሌክሳንደር ቪየና ተወልዶ፣ ኬምብሪጅ ሒሳብና አርክቴክቸር ተምሮ፣ ሃርቫርድ ዶክትሬቱን የሠራ ሰው ነው። የሒሳብ ሰው መሆኑ መጽሐፉ ላይ በደንብ ይታያል።

በውስጡ 253 ፓተርኖች አሉ። የመጀመሪያው ዓለም በምን ያህል ስፋት ባላቸው ራስ ገዝ ክልሎች ብትከፈል ጥሩ እንደሆነ ነው የሚያወራው። የመጨረሻው ደግሞ ግድግዳችሁ ላይ ስለምትሰቅሉት ነገር ነው፤ መጽሔት ላይ ያያችሁትን ሳይሆን የሕይወታችሁን ታሪክ የሚናገረውን ስቀሉ ይላል። በመካከል ከተማው፣ ሰፈሩ፣ መንገዱ፣ ግቢው፣ በረንዳው፣ መስኮቱ፣ የአትክልት መደቡ፣ ወንበሩ በየተራ ይመጣሉ። እያንዳንዱ ፓተርን ቁጥርና ስም አለው። በፎቶ ይጀምራል፤ ከሱ በላይ የትኞቹ ትልልቅ ፓተርኖች እንዳሉ ይናገራል፤ ችግሩን በደማቅ ፊደል ያስቀምጣል፤ ይከራከራል። ከዚያ «ስለዚህ» ብሎ ምን ማድረግ እንዳለባችሁ ይነግራችኋል፤ በመጨረሻም ከሱ በታች ወዳሉት ትንንሾቹ ይመራችኋል።

ልቤን የወሰደው ግን ሌላ ነገር ነው። ከፓተርኖቹ ስም አጠገብ ኮከብ አለ። ሁለት ኮከብ ያለው፣ ጸሐፊዎቹ እውነት ነው ብለው የሚያምኑበት ነው። አንድ ኮከብ ያለው፣ ወደ እውነቱ ተጠግተናል ግን ገና ሊሻሻል ይችላል የሚሉት። ምንም ኮከብ የሌለው ደግሞ መልሱን እንዳላገኙት ራሳቸው የመሰከሩበት ነው፤ አንባቢው የተሻለ እንዲፈልግ ይጋብዙታል። እስቲ አስቡት፤ ስለ ቤት ከሚጽፉ ሰዎች «ይቺን አላወቅናትም» የሚል ስንት አይታችኋል? እኔ ኮድ ጽፌ ነው የምኖረው። «ይሄ ክፍል እርግጠኛ ነው፣ ያኛው ግን ገና ነው» የሚል ማስታወሻ ያለው ኮድ ሳገኝ ጸሐፊውን ሳላየው እወደዋለሁ።

ሁለት ኮከብ ካላቸው አንዱ ቁጥር 159 ነው፤ እያንዳንዱ ክፍል ከሁለት ወገን ብርሃን ይግባበት ይላል። ሰዎች ምርጫ ካላቸው በአንድ ወገን ብቻ ብርሃን ከሚያገኝ ክፍል ይልቅ በሁለት ወገን ወደሚያገኘው ያዘነብላሉ ነው ክርክሩ። ምክንያቱ ደስ ይላል። ብርሃኑ ከአንድ መስኮት ብቻ ሲመጣ መስኮቱ ያንጸባርቃል፣ ከፊቱ የተቀመጠው ሰው ፊት ይጨልማል፤ የፊቱን ስሜት በደንብ ስለማታነቡ ጨዋታው ራሱ ይደክማል። ይህን ያነበብኩት ኪራይ ቤቴ ውስጥ ነው፤ አንድ ክፍል፣ አንድ መስኮት። ጓደኞቼ ሲመጡ ለምን ሁላችንም ቶሎ ቶሎ «እንውጣ እንጂ» እንደምንባባል ያን ቀን ገባኝ። የፎቶ መጽሐፍ ይህን አይሰጥም። እንግዲህ እንደዚህ ነው ያመንኩት፤ ያመነ ሰው ደግሞ አደገኛ ነው።

ወደ ግድግዳው ከመሄዴ በፊት መጽሐፉን እንዴት እንዳገኘሁት ልናገር፤ ጥፋቴ የመጣው ከዚያው ነውና። ዩኒቨርሲቲ ሳለን «ዲዛይን ፓተርን» የሚባል ነገር ተምረናል። በ1994 እ.ኤ.አ. አራት ሰዎች የጻፉት መጽሐፍ ነው ምንጩ፤ 23 ፓተርኖች አሉት። ሲንግልተን፣ ፋክተሪ፣ ኦብዘርቨር እያልን ሸምድደን ተፈተንን፤ የሥራ ቃለ መጠይቅ ላይም ተጠየቅን። ይህ ሁሉ ከአንድ ቤት ሠሪ የተወሰደ መሆኑን የነገረን አስተማሪ አልነበረም። ሐሳቡን ወደ ሶፍትዌር ያመጡት ኬንት ቤክና ዋርድ ካኒንግሃም ናቸው፤ በ1987 እ.ኤ.አ. ነው መነሻው። ይኸው ካኒንግሃም በ1995 የመጀመሪያውን ዊኪ የሠራው ሰዎች ፓተርኖችን በጋራ እንዲጽፉበት ብሎ ነው። ዊኪፔዲያ በከፈታችሁ ቁጥር የአሌክሳንደር የልጅ ልጅ ቤት ገባችሁ ማለት ነው።

በ1996 እ.ኤ.አ. የሶፍትዌር ሰዎች አሌክሳንደርን ሳን ሆዜ ላይ በተደረገ ትልቅ ጉባኤያቸው ጋብዘው አናገሩት። ሊመሰገን የመጣ ይመስል ነበር፤ እሱ ግን በትሕትና አንድ ነገር ጠየቃቸው። ፓተርኖቼን ወስዳችሁ ጥሩ መግባቢያ አድርጋችኋቸዋል፤ ግን የምትሠሩት ነገር የሰውን ሕይወት የተሻለ ያደርገዋል ወይ? እኔ የጀመርኩት ለዚያ ነበር፣ የሚል ዓይነት ጥያቄ። እኛ ቅርጹን ወሰድን፣ ጥያቄውን ተውነው። ከሁሉ የባሰው ደግሞ «ቋንቋ» ያለውን ዝርዝር አድርገን ማንበባችን ነው። ከዝርዝሩ የፈለግነውን መዝዘን እንለጥፋለን። እኔም መጽሐፉን ሳገኘው ያነበብኩት በዚሁ ልማድ ነው።

ቁጥር 139 «የገበሬ ቤት ኩሽና» ይባላል። ከቤተሰቡ ተነጥሎ የሚሠራ ትንሽ ኩሽና የአገልጋይ ዘመን ቅሪት ነው ይላል፤ ኋላም ሴቶች የአገልጋዩን ቦታ ስለተኩ ሳይነካ ቀጠለ። ስለዚህ ኩሽናውን ሰፊ አድርጉት፣ ከቤተሰቡ መዋያ ጋር አንድ አድርጉት፣ መካከሉ ላይ ትልቅ ጠረጴዛ ይኑር፣ ምግብ መሥራትም ጨዋታም አንድ ላይ ይሁን። ሳነበው እንባዬ ነው የመጣው። እማዬ ዕድሜዋን ሙሉ በር ተዘግቶባት ሽንኩርት ስታቁላላ እኛ ሳሎን ቴሌቪዥን ስናይ ታየኝ። ያን ጊዜ በዕጣ የደረሳት ኮንዶሚኒየም ገና የተረከበችው ነበር። ኩሽናው ሁለት ሰው በትከሻው የሚተላለፍበት ነው፤ ከሳሎኑ የሚለየው አንድ የብሎኬት ግድግዳ። ሲቪል ኢንጂነር ጓደኛዬን አምጥቼ አሳየሁት፤ ኮለን የለውም፣ ቢም አልያዘም፣ መከፋፈያ ብቻ ነው አለኝ። እማዬን አሳመንኳት። «አንተ ካልክ፣ ልጄ» አለች። አሁን ሳስበው ይህ ቃል ስምምነት አልነበረም።

ግድግዳው በሁለት ቀን ፈረሰ። የመጀመሪያው ሳምንት ደስ ይል ነበር፤ ብርሃኑ ራሱ ከኩሽናው መስኮት አልፎ ሳሎኑ ድረስ ይመጣል። ሁለት ወገን! አልኩ በልቤ። ከዚያ የእማዬ የማኅበር ተራ ደረሰ።

ምን ልበላችሁ። ቁሌቱ ገና ሲጀመር የበርበሬው ሽታ ሶፋው ውስጥ ገባ፤ እንግዶቹ እያስነጠሱ «እንዴት ደስ ይላል» ይላሉ። ያልታጠበው ድስት፣ የተቆራረጠው ሽንኩርት፣ ወለሉ ላይ የተቀመጠው የዘይት ጀሪካን፣ ሁሉም ከሳሎኑ ወንበር ፊት ለፊት ይታያል። ከዚያ ሁሉ የባሰው እማዬ ነበረች። እማዬ እንግዳ ሲኖር ሁለት ሰው ናት። አንዷ ነጠላዋን አስተካክላ «ብሉልኝ» የምትል፤ ሌላዋ ኩሽና ገብታ ግድግዳውን ተደግፋ ለአንድ ደቂቃ ዐይኗን የምትጨፍን። ሁለተኛዋን እኔም ያን ቀን ነው ያየኋት፤ መደገፊያው ስለሌለ ቆማ ቀረች። እንግዶቹ ሲሄዱ «ጓዳዬን አደባባይ አወጣህብኝ» አለችኝ። አልጮኸችም። በሳምንቱ ስመለስ ግድግዳው በነበረበት ቦታ ከጫፍ እስከ ጫፍ አረንጓዴ መጋረጃ ተሰቅሏል።

መጽሐፉ ላይ ያለኝ ቅሬታ እዚህ ጋ ነው። አሌክሳንደር የኩሽናን በር ሲያይ የሚታየው ውስጥ የተዘጋባት ሴት ናት። እማዬ ደግሞ በሩን ከውስጥ ሆና ነው የምታየው፤ የሚዘጋው ሌላው ላይ ነው። ቤቱ ውስጥ ማንም ሳያንኳኳ የማይገባበት ብቸኛ ክፍሏ ነበር። ጓዳ የሚለውን ቃላችንን ልብ በሉት፤ ዕቃ ማስቀመጫ ብቻ አይደለም። «የጓዳዬን አላወራም» ስንል ኩሽናን ማለታችን አይደለም፤ ገመናን ነው። እንዲህ ያለ ቃል ላለው ሕዝብ የ139ን ምክር እንዳለ ማቅረብ አይቻልም።

ግን ደግሞ ቶሎ እንዳልፈርድበት የሚያደርገኝ ነገር አለ። በብዙ የአዲስ አበባ ቤቶች ከዚያ በር ጀርባ ያለችው እናት ሳትሆን ሠራተኛዋ ናት። ብዙውን ጊዜ ገና ልጅ ናት፣ ከገጠር የመጣች፤ ምግቧንም እዚያው ትበላለች፣ አንዳንድ ቤት እዚያው ትተኛለች። ለሷ ያ በር ጓዳ አይደለም፤ የአገልጋይ ዘመን ቅሪት ያለው ነገር ቃል በቃል እሱ ነው። እኛ ቤት በልጅነቴ እንዲህ ነበር፤ አሌክሳንደርን ሳነብ ያለቀስኩት ለእማዬ መስሎኝ ነበር፣ አሁን እርግጠኛ አይደለሁም። አንድ በር ከውስጡ ማን እንዳለች ተከትሎ ሁለት ነገር ይሆናል። ይህን ልዩነት መጽሐፉ አላየውም።

ወይም እኔ አላየሁትም። መጋረጃውን ካየሁ በኋላ ተመልሼ ከ139 በላይ ያሉትን ሳነብ ቁጥር 127ን አገኘሁ። ቤት ከበሩ ጀምሮ ወደ ውስጥ በደረጃ መዘርጋት አለበት ይላል፤ መጀመሪያ ለሁሉም ክፍት የሆነው፣ ቀጥሎ ለወዳጅ፣ ከዚያ ለቤተሰብ ብቻ። ምሳሌው የፔሩ ቤት ነው። እዚያ ጎረቤት በር ላይ ቆሞ ይመለሳል፣ የከበረ እንግዳ ሳሎን ይቀመጣል፣ ኩሽና ድረስ የሚዘልቅ ግን የቅርብ ሰው ብቻ ነው። ፔሩን አውጥታችሁ እልፍኝና ጓዳ ብትሉበት የአያቴን ቤት ይሆናል። መልሱ እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ነበር። ትልቁ ፓተርን ሳይሟላ ትንሹን አትጀምሩ የሚለውን መግቢያ ዘልዬ፣ የወደድኩትን ቁጥር ገልብጬ ለጠፍኩ። ቢሮ ውስጥ ጀማሪ ልጆች ከኢንተርኔት የተገኘ ኮድ ሳያነቡ ሲለጥፉ የምቆጣቸው እኔ ነኝ እንግዲህ።

ከመጽሐፉ ጋር ያልታረቅኩበት ሌላ ቁጥርም አለ፤ 79። ሰው የራሱ ባልሆነ ቤት ውስጥ ሰላም አያገኝም፣ ሊያስተካክለውና ሊያሳድገው የሚችለው ቤት ያስፈልገዋል ይላል። እስከዚህ እስማማለሁ። ከዚያ ቀጥሎ የተለመደው ኪራይ በሕግ ጭምር እንዲቀር ይመክራል። ይህን ስታነብ ጉልበትህ ላይ የተከራየኸው ክፍል ቁልፍ ካለ ምን ትላለህ? ሚስማር ለመምታት አከራይ የምናስፈቅድ ሰዎች ነን። አሌክሳንደር ያለውን በተግባር ለማሳየት መሞከሩን ግን መካድ አይቻልም። በ1970ዎቹ አጋማሽ ሜክሲካሊ በምትባል የሜክሲኮ ከተማ ቤተሰቦች ቤታቸውን በነዚህ ፓተርኖች ራሳቸው ነድፈው፣ በሥራውም እየተሳተፉ ገነቡ። አምስት ቤት ተሠርቶ ቆመ። አምስት ብቻ።

እኛ አገር ያለው ቁጥር ሌላ ነው። ቁጥር 21 ሰው የሚኖርበት ሕንፃ ከአራት ፎቅ አይለፍ ይላል፤ ከዚያ በላይ የወጣ ሰው ከመሬቱና ከሰፈሩ ይቆረጣል ብሎ። የመጀመሪያዎቹ ኮንዶሚኒየሞቻችን በአብዛኛው ጂ ፕላስ ፎር ናቸው፤ በአንድ ብቻ ነው ያለፉት። ያቆማቸው የአሌክሳንደር ክርክር አይመስለኝም፤ ሊፍት ውድ ስለሆነ ነው። እነዚያ ሳይቶች ላይ ግን ከመጽሐፉ 253 ውስጥ የሌለ ነገር አለ፤ ኮሙናሉ። በግ የሚታረድበት፣ እንጀራ የሚጋገርበት፣ ድንኳን ሲጣል ወጥ የሚሠራበት የጋራ ቤት። ብዙ ቦታ ለሌላ ነገር መዋሉን አውቃለሁ፤ ሐሳቡ ግን የኛን ኑሮ ባየ ሰው የተነደፈ ነው። ለኔ አንድ ኮከብ ይገባዋል።

በረንዳው ላይ ብዙ አልቆይም። ቁጥር 167 ከስድስት ጫማ፣ ማለትም ከ1.8 ሜትር የጠበበ በረንዳ ሰው አይቀመጥበትም ይላል። የእማዬን ለካሁት፤ 1 ሜትር ከ10። እውነትም ማንም አይቀመጥበትም፤ ልብስ ይሰጣበታል፣ በተቆረጠ ጀሪካን በሶብላና ጤና አዳም ይበቅልበታል። ስለ አትክልት ለሚጠይቁኝ የምሰጠው የጃፓናዊውን የማሳኖቡ ፉኩኦካን «ዘ ዋን ስትሮው ሬቮሉሽን» ነው፤ በእንግሊዝኛ በ1978 እ.ኤ.አ. የወጣ ቀጭን መጽሐፍ። አያርስም፣ ማዳበሪያ አይጨምርም፣ መድኃኒት አይረጭም። ስብከቱ አንዳንዴ ይበዛብኛል። የምወደው ግን ውድቀቱን ሲናገር ነው። የዮኮሃማ ጉምሩክ የዕፅዋት ምርመራ ሥራውን ትቶ አባቱ መንደር ሲመለስ የብርቱካን ዛፎቹን «ተፈጥሮ ታውቃለች» ብሎ ተዋቸው። ቅርንጫፎቹ ተጠላለፉ፣ ተባይ ገባ፣ ዛፎቹ ደረቁ። ሰው ለዓመታት የገረዘውን ዛፍ በድንገት መተው ዛፉን መጣል እንጂ ለተፈጥሮ መስጠት እንዳልሆነ የገባው ያኔ ነው። ግድግዳ አፍርሶ ለሚያውቅ ሰው ይህ ምዕራፍ ቅርብ ነው።

ለእጅ ሥራ ደግሞ ዴቪድ ፓይ። የእንግሊዝ እንጨት ሠሪና አስተማሪ ነበር፤ «ዘ ኔቸር ኤንድ አርት ኦፍ ወርክማንሺፕ» በ1968 እ.ኤ.አ. ወጣ። «በእጅ የተሠራ» የሚለው ቃል ምንም አይነግረንም ይላል። ትክክለኛው ልዩነት ሥራው እስኪያልቅ ሊበላሽ የሚችል መሆኑ ነው ወይስ ውጤቱ ከመጀመሪያው የተወሰነ። በብዕር መጻፍ የመጀመሪያው ዓይነት ነው፣ ማተሚያ ሁለተኛው። አክስቴ መሶብ ስትሰፋ አይቻለሁ። ስንደዶውን በአክርማ እየጠቀለለች፣ በወስፌ እየወጋች፣ ቀለሙን በቁጥር ትገባለች፤ አንድ ዙር ላይ ቁጥሯ ከሳተ ጥለቱ ዞሮ ሲመጣ አይገጥምም። እኔ ቀኑን ሙሉ ስሳሳት ኮንትሮል ዜድ እጫናለሁ። እሷ ትተረትራለች። ፓይን ያነበበ ሰው ገበያ ላይ የመሶብ ዋጋ ሲነገረው ለመከራከር አፉ አይከፈትም።

ወደ ትልቁ መጽሐፍ ልመለስ። ከመጨረሻው ሽፋን በፊት ባዶ ገጽ አለው፤ እዚያ በእርሳስ 254ኛ ፓተርን ጀምሬያለሁ። «የጓዳ በር። ምግብ የምትሠራው ሰው ለእንግዳ የማትታይበት ቦታ ከሌላት፣ ቤቷ ውስጥ ራሷ እንግዳ ትሆናለች። ስለዚህ፦ ለኩሽናው በር ይኑረው፤ በሩም ከውስጥ የሚዘጋ ይሁን፤ ከውስጥ ያለችው ሰው ስትፈልግ የምትከፍተው።» ባለፈው እሑድ ቡና ስናፈላ ለእማዬ አነበብኩላት። መነጽሯን አድርጋ እንደገና ራሷ አነበበችው።

«‹ለእንግዳ› አትበል» አለች። «‹ለማንም› በል። አባትህ ምኑ ነው ለኩሽና?»

አስተካከልኩት። ኮከቦቹ ምን እንደሆኑ አስረዳኋትና ስንት እንስጠው አልኳት። ትንሽ አሰበች።

«አንድ አድርገው። የሌሎቹን ቤት መች ጠየቅክ?»

ቀጥላ በሩን መቼ እንደማሠራላት ጠየቀችኝ።